ድጎማ ለማን ይሰጣል? ስለ አገር በቀል ማኅበራትና ስለ ግለሰቦች ብቁነት የቀረበ ማብራሪያ

ከገጠር ጣቢያም ሆነ ከከተማ ቀበሌ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ፣ ወደደም ጠላም፣ የሰፈሩ ጸሐፊ ይሆናል። ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲመለስ የዕድሩ ዳኛ ወይም መስኖውን የሚያስተዳድሩት አቦ ማይ አንድ ወረቀት ይዘውለት ይመጣሉ። «ልጄ፣ ይህ ገንዘብ እኛን ይመለከታል ወይ? የሚመለከተን ከሆነ ጻፍልን» ይሉታል። ወረቀቱ የአንድ ለጋሽ ድርጅት ማስታወቂያ ነው። ልጁ በትምህርት ቤት የሒሳብ ቀመርና የሕግ አንቀጽ አጥንቷል፤ ይህን ጥያቄ ግን ማንም አላስተማረውም። ስለዚህ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ከባድ ከባድ ቃል የተሞላበት ሃያ ገጽ ማመልከቻ ይጽፋል፤ ወይም «ይህ ለትልልቅ ድርጅቶች ነው፣ ለእኛ አይሆንም» ብሎ ሽማግሌዎቹን ይመልሳል።

ሁለቱም ስሕተት ነው። ሃያው ገጽ ሳይነበብ ይወድቃል፤ ምክንያቱም ለጋሹ አስቀድሞ የሚመለከተው አመልካቹ ማን እንደሆነ እንጂ ምን እንደሚያስብ አይደለም። የተመለሱትም ሽማግሌዎች ምናልባት የሚገባቸውን ገንዘብ አጥተው ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ድጎማ ለማን እንደሚሰጥ፣ ለማን እንደማይሰጥ፣ ለምንስ እንደሆነ በተቻለ መጠን ግልጽ አድርጎ ማስረዳት ነው።

ድጎማ ሲባል ምን ማለት ነው?

ድጎማ ምጽዋት አይደለም፤ ብድርም አይደለም። ምጽዋት የሰጠ ሰው የሰጠውን ይረሳል። ያበደረ ሰው ገንዘቡን መልሶ ይጠይቃል። ድጎማ የሚሰጥ ግን ገንዘቡን መልሶ አይጠይቅም፤ የገንዘቡን ታሪክ ግን ይጠይቃል። ለምን ሥራ ወጣ? በማን ፊርማ ወጣ? ማን ተጠቀመበት? ደረሰኙስ የት አለ? ስለዚህ ድጎማ በመሠረቱ የአደራ ገንዘብ ነው። ብቁነት ማለትም ሌላ ምሥጢር የለውም፤ አደራ ለመቀበል የሚችል ማን ነው ማለት ነው። ይህን አንድ ነገር የጨበጠ ሰው የማስታወቂያውን ረጅም ዝርዝር ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋል።

ሕጉ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ?

በአገራችን ሰዎች ተሰባስበው ሥራ መሥራት የጀመሩት ሕግ ከመውጣቱ እጅግ አስቀድሞ ነው። ዕድርና ዕቁብ፣ ማኅበርና ደቦ፣ በትግራይም ወፈራ፣ ያለ ማኅተምና ያለ መዝገብ ሲሠራባቸው ኖረዋል። በጽሑፍ ሕግ ረገድ ግን ስለ ማኅበራት የተደነገገው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በ1959 ዓ.ም. የማኅበራት ምዝገባ ደንብ ወጣ። በዚያው በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ማኅበርና የአለምገና ወላሞ የመንገድ ሥራ ማኅበር ከአባሎቻቸው ብር እየሰበሰቡ መንገድ አስወጥተዋል። እነዚህ ማኅበራት «እርዱን» ከማለታቸው በፊት የራሳቸውን ብር በጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ነበር። ይህ ነጥብ በኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ ልብ ይበለው።

ከዚህ በኋላ ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2001 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 621 ነው። አዋጁ ድርጅቶችን በገንዘባቸው ምንጭ ከፋፈላቸው። ከመቶ 90 ገቢውን ከአገር ውስጥ የሚያገኘው «የኢትዮጵያ» ተባለ፤ ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኘው «የኢትዮጵያ ነዋሪዎች» ተባለ፤ ሦስተኛው «የውጭ» ተባለ። በሰብአዊ መብት፣ በሴቶችና በሕፃናት መብት፣ በግጭት አፈታትና በመሳሰሉት መሥራት የተፈቀደው ለመጀመሪያው ወገን ብቻ ነበር። በአገራችን ግን የበጎ አድራጎት ገንዘብ በአብዛኛው የሚመጣው ከውጭ ስለሆነ ብዙ ማኅበር ወይ ዓላማውን ለወጠ ወይ በሩን ዘጋ። የአውሮፓ ኅብረት ለሲቪል ማኅበረሰብ ያቋቋመው ፈንድ እንኳ ሊሠራ የቻለው ገንዘቡ እንደ አገር ውስጥ ገንዘብ እንዲቆጠር ከመንግሥት ጋር ስምምነት ስለተደረገ ነው።

ይህ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል። አዲሱ አዋጅ በገንዘብ ምንጭ መከፋፈልን አስቀረ። በኢትዮጵያ ሕግ በኢትዮጵያውያን ወይም በአገር ውስጥ በሚኖሩ የውጭ ዜጎች የተቋቋመ ድርጅት «አገር በቀል» ተብሎ ከማንኛውም ሕጋዊ ምንጭ ገንዘብ ለመጠየቅና ለመቀበል ይችላል። በአዋጁ መሠረት ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ አምስት አባላት ያስፈልጋሉ፤ የበላይ ሥልጣኑም የጠቅላላ ጉባኤው ነው። በቦርድ የሚመራ ድርጅት ደግሞ በሁለት ሰዎችም ሊቋቋም ይችላል። ከሕዝብ ገንዘብ ለማሰባሰብ ብቻ ለተወሰነ ዓላማ የሚሰባሰቡ አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎችም የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ሊያቋቁሙ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ለመቀሌ አንባቢ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። የፌዴራሉ አዋጅ የሚመለከተው በሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎች የሚሠራውን፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራውን፣ እንዲሁም የውጭውን ድርጅት ነው። በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ማኅበር በዚያው በክልሉ ሥልጣን ባለው አካል ዘንድ ይመዘገባል። ስለዚህ የአንድ ጣቢያ የሴቶች ማኅበር ለምዝገባ አዲስ አበባ መሄድ አለበት ብሎ የሚያስፈራራ ሰው ሕጉን አላነበበም።

ሰባቱ በሮች

የለጋሾች ማስታወቂያ በቃል ይለያይ እንጂ በውስጡ የሚጠይቀው ከሰባት ነገር አይበልጥም። እያንዳንዱን እንደ በር እንቁጠረው። አንዱ በር ከተዘጋ ስድስቱ መከፈታቸው አይጠቅምም።

አንደኛ፣ አመልካቹ የሕግ ሰውነት አለው ወይ? የሕግ ሰውነት ማለት ማኅበሩ ከአባሎቹ ተለይቶ በራሱ ስም ውል መፈረም፣ የባንክ ሒሳብ መክፈት፣ መክሰስና መከሰስ መቻሉ ነው። የምዝገባ ምስክር ወረቀትና መተዳደሪያ ደንብ የሚጠየቀው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ዓላማው ለትርፍ ነው ወይስ ለሌላ? የኅብረት ሥራ ማኅበር በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚተዳደርና ትርፉን ለአባላቱ የሚያከፋፍል በመሆኑ በብዙ የድጎማ ማስታወቂያ ከውጭ ይቀራል። በሌላው ግን፣ ለምሳሌ በእርሻ ልማት ድጎማ፣ ተቀባይ ይሆናል። በአንጻሩ በአዋጅ 1113 የተመዘገበ ድርጅት ለዓላማው የሚያግዘውን ገቢ ለማግኘት ሊነግድ ይችላል፤ ትርፉን ግን ለአባላት ማከፋፈል አይችልም።

ሦስተኛ፣ ስንት ጊዜ ሠርቷል? ብዙዎች ለጋሾች የሁለት ወይም የሦስት ዓመት የሥራና የኦዲት ሪፖርት ይጠይቃሉ።

አራተኛ፣ ገንዘቡ በምን መንገድ ያልፋል? በማኅበሩ ስም የተከፈተ ሒሳብ፣ ቢያንስ የሁለት ሰዎች ጣምራ ፊርማ፣ የገቢና የወጪ ደረሰኝ፣ ለግዢ ሦስት ፕሮፎርማ። በሊቀ መንበሩ የግል ሒሳብ ገንዘብ የሚቀበል ማኅበር፣ ሊቀ መንበሩ ቅዱስ ቢሆን እንኳ፣ በዚህ በር አያልፍም።

አምስተኛ፣ ማን ይወስናል? ጠቅላላ ጉባኤው ይሰበሰባል ወይ? ቃለ ጉባኤ አለ ወይ? ገንዘብ ያዡና ሒሳብ መርማሪው የተለያዩ ሰዎች ናቸው ወይ? ባል ሊቀ መንበር፣ ሚስት ገንዘብ ያዥ፣ ልጅ ጸሐፊ የሆኑበት ማኅበር ቤተሰብ እንጂ ማኅበር አይደለም።

ስድስተኛ፣ ሥራው የት ነው፣ ለማንስ ነው? ለጋሹ የሚሠራበት ወረዳና የሚረዳው የኅብረተሰብ ክፍል አስቀድሞ የተወሰነ ነው። የውሃ ገንዘብ ለትምህርት ቤት አይውልም።

ሰባተኛ፣ አመልካቹ ከራሱ ምን ያዋጣል? ብር፣ ጉልበት፣ ድንጋይ፣ አሸዋ፣ መሬት ሊሆን ይችላል። የመንገድ ሥራ ማኅበራቱን ያነሣነው ስለዚህ ነው። በትግራይ ገጠር ሕዝቡ በየዓመቱ ለተፋሰስ ሥራ የሚያወጣው የነጻ ጉልበት ትልቅ መዋጮ ነው። ነገር ግን የቀን ሠራተኛው ቁጥርና የቀን ሒሳቡ በወረቀት ካልሰፈረ ለጋሹ እንደሌለ ይቆጥረዋል።

አንድ የሒሳብ ምሳሌ

የአስተዳደር ወጪ የሚባለው ነገር ብዙ ማመልከቻ ስለሚጥል በቁጥር እንየው። በአዋጅ 1113 መሠረት ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት ከጠቅላላ ገቢው ከመቶ 20 በላይ ለአስተዳደር ማዋል አይችልም። በቀድሞው አዋጅ ወሰኑ ከመቶ 30 ነበር። ታዲያ አንድ ማኅበር የዓመት ገቢው 500,000 ብር ቢሆን ለአስተዳደር የሚፈቀድለት 100,000 ብር ነው። የቢሮ ኪራይ በወር 4,000 ብር ቢከፍል በዓመት 48,000 ይሆናል። ለጸሐፊው በወር 4,500 ብር ቢከፍል 54,000 ይሆናል። ድምሩ 102,000 ብር ነው። ይህ ማኅበር አንድ እስክሪብቶ ሳይገዛ፣ አንድ ደብዳቤ ሳይልክ፣ ሕጉን በ2,000 ብር አልፏል ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? በውሸት ኪራዩን «የሥልጠና ወጪ» ብሎ መጻፍ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ወይም በትምህርት ቤት አዳራሽ መሰብሰብ፣ ከሌላ ማኅበር ጋር ቢሮ መጋራት፣ ወይም ጸሐፊውን ለግማሽ ቀን መቅጠር ነው። ፕሮጀክቱን በቀጥታ የሚሠራ ሰው፣ ለምሳሌ ለሕፃናቱ የተቀጠረች መምህርት፣ ደመወዟ የአስተዳደር ወጪ አለመሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ያልለየ ሰው የተፈቀደለትን ገንዘብ ራሱ ይከለክላል።

ወረቀት የሌላቸው እንዴት ይሁኑ?

አሁን ወደ ዋናው ችግር ደረስን። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ከየአቅጣጫው ተፈናቅሎ መቀሌ የገባውን ሕዝብ በየትምህርት ቤቱ ግቢ የተቀበለው ማን ነው? ከለጋሾች እህል አስቀድሞ እንጀራ ያመጡት የሰፈር ሰዎች ናቸው። ከሰኔ 2013 ጀምሮ ባንክ ሲዘጋና ስልክ ሲቋረጥ ጎረቤትን ከጎረቤት ያኖረው ዕድርና የሰፈር መረዳዳት ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ግን የማቋቋሚያ ድጎማ ማስታወቂያ ሲወጣ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «የሦስት ዓመት ኦዲትና የባንክ መግለጫ አምጡ» የሚል ነው። ባንክ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ተዘግቶ በነበረበት ከተማ ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ለመቀሌ ሰው ማስረዳት አያሻም። ሥራውን የሠራው ወረቀት የለውም፤ ወረቀት ያለው ሥራውን አልሠራም ይሆናል።

ዕድርና ዕቁብ በአዋጅ 1113 እንዳይገዙ ሕጉ ራሱ ለይቶ ትቷቸዋል። ይህ በአንድ በኩል ነጻነት ነው፤ ማንም «ሪፖርት አምጡ» አይላቸውም። በሌላ በኩል ግን በዕድርነታቸው ብቻ የመጀመሪያውን በር ማለፍ ይቸግራቸዋል። መንገድ ግን አለ፤ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው መንገድ ዕድሩ እንዳለ ሆኖ ከአባላቱ ጥቂቶቹ ለልማት ዓላማ ማኅበር አቋቁመው መመዝገብ ነው። ዕድሩ ሙት ይቀብራል፤ ማኅበሩ ሕያዋንን ያለማል። ሁለቱ መዝገባቸውና ሒሳባቸው እንዳይደባለቅ መጠንቀቅ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በተመዘገበ ድርጅት ጥላ ሥር መሥራት ነው። የተመዘገበው ድርጅት ገንዘቡን ይቀበላል፣ ሒሳቡን ይይዛል፤ ሥራውን የሰፈሩ ቡድን ይሠራል። ይህ በጽሑፍ ውል ካልሆነ ጠብ ያመጣል። ባለ ጥላው ከመቶ ስንት እንደሚወስድ፣ የተገዛው ዕቃ የማን እንደሚሆን፣ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚለቀቅ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ማረት በመባል የሚታወቀው የትግራይ መረዳጃ ማኅበርና ማልት የሚባለው የትግራይ ልማት ማኅበር በክልሉ የታወቁ ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው። ነገር ግን ጥላ የሚሆነው የግድ ትልቅ ድርጅት ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡ ንጹሕ የሆነ ማንኛውም የተመዘገበ ማኅበር ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው መንገድ ለትንንሽ ማኅበራት ተብሎ የተዘጋጀውን ድጎማ መፈለግ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም አማካይነት የሚሰጠው የዓለም አካባቢ ፈንድ የአነስተኛ ድጎማ ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ገንዘቡ በቀጥታ ለኅብረተሰብ ማኅበራት የሚሰጥ ሲሆን ጽሕፈት ለማይሆንላቸው ማኅበረሰቦች በተንቀሳቃሽ ሥዕል የቀረበ ማመልከቻ እንኳ የተቀበለባቸው አገሮች አሉ። የጃፓን ኤምባሲ የሚሰጠው የመሠረታዊ ሕዝብ ፕሮጀክቶች ድጎማ ደግሞ ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች፣ ለትምህርት ቤቶችና ለጤና ተቋማት ጭምር ይሰጣል፤ ለግለሰብና ለነጋዴ ግን አይሰጥም፤ ደመወዝና የቢሮ ኪራይ የመሰለውን የዘወትር ወጪም አይሸፍንም። ስለዚህ የመማሪያ ክፍል ለሚሠራ ይሆናል፤ መምህር ለሚቀጥር አይሆንም።

አዋጅ 1113 ራሱም የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ እንዲቋቋም ደንግጓል። ዓላማው በጎ ፈቃደኝነትን ለማበረታታትና ለተጎዱ የኅብረተሰብ ክፍሎች የሚሠሩትን ለማገዝ ነው። ይህን ማወቅ ያለበት ለጋሽ ማለት ፈረንጅ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ነው።

ለግለሰብስ?

ግለሰብ ድጎማ የሚያገኘው በጥቂት መንገድ ነው፤ ለምርምር፣ ለትምህርት፣ ለኪነ ጥበብ፣ ወይም ለጉዞ። ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የራፎርድ ፋውንዴሽን በታዳጊ አገሮች የዱር እንስሳትና የዕፀዋት ጥበቃ ሥራ ለሚሠሩ ግለሰቦች አነስተኛ ድጎማ ይሰጣል። እንዲህ ባለው ጉዳይ ጀማሪ መሆን ነውር አይደለም፤ የመጀመሪያው ድጎማ የተዘጋጀውም ለጀማሪ ነው።

ነገር ግን ግለሰብ በስሙ የሰፈሩን ውሃ ለማውጣት ድጎማ ይጠይቅ ዘንድ አይገባም፤ ቢጠይቅም አያገኝም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰውዬው ቢታመም ወይም ወደ ሌላ አገር ቢሄድ ጉድጓዱን የሚጠብቅ ማን ነው? ማኅበር አይሞትም፤ ሰው ግን ይሞታል። ለግለሰብ የሚሰጥ ድጎማ በግለሰቡ ችሎታ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ለማኅበር የሚሰጠው በሥራው ቀጣይነት ላይ ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ማመልከቻ ሁለቱንም ያጣል።

«አገር በቀል» እና «ነባር ሕዝብ»

በዚህ ጉዳይ ትርጉም ብዙ ሰው ያሳስታል። እኛ «አገር በቀል ድርጅት» ስንል በአገሩ ሰው የተቋቋመ ማለታችን ነው። በውጭ ማስታወቂያ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ተመሳሳይ የሚመስለው ቃል ሌላ ነገር ነው፤ «ነባር ሕዝቦች» ማለት ነው። ይኸውም የራሳቸው ቋንቋ፣ የራሳቸው የአኗኗር ሥርዓትና ከቅድመ አያት የወረሱት መሬት ኖሯቸው ከአገሩ ታላላቅ ሕዝቦች ተለይተው የኖሩ፣ ብዙውን ጊዜም የተገፉ ማኅበረሰቦች ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ እነዚህ ሕዝቦች መብት መስከረም 2 ቀን 2000 ዓ.ም. መግለጫ ሲያጸድቅ 144 አገሮች ደግፈዋል፣ 4 ተቃውመዋል፣ 11 ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል። ኢትዮጵያ በድምፅ አሰጣጡ አልተገኘችም።

በአፍሪካ ቃሉ አከራካሪ ስለሆነ የዓለም ባንክ ከመስከረም 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንቡ ለሰሐራ በታች አገሮች «በታሪክ ተገቢውን አገልግሎት ያላገኙ ነባር ማኅበረሰቦች» የሚል ተመሳሳይ አጠራር ጨምሮበታል። መመዘኛዎቹም አራት ናቸው። ራሱን የተለየ ማኅበረሰብ አድርጎ ማየቱና በሌሎችም መታወቁ፤ ከአንድ የተለየ ስፍራ ጋር በጋራ መተሳሰሩ፤ የራሱ ባህላዊ ተቋማት መኖራቸው፤ የተለየ ቋንቋ ወይም ዘዬ መኖሩ።

በዚህ መሠረት በትግራይ ውስጥ እንደ ኩናማና እንደ ኢሮብ ያሉት ማኅበረሰቦች ራሳቸው መርጠው ቢያመለክቱ መመዘኛዎቹን ጠቅሰው ሊከራከሩ ይችላሉ። ለምሳሌ የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1985 ያቋቋመው የነባር ሕዝቦች የፈቃድ መዋጮ ፈንድ ተወካዮች በስብሰባ ላይ እንዲገኙ ለግለሰቦች ጭምር ይረዳል። የመቀሌ ከተማ ዕድር ግን አገር በቀል ስለሆነ ብቻ በዚህ ስም ማመልከት አይገባውም። ሐሰት ከመሆኑም ሌላ ለእውነተኞቹ ባለቤቶች የተመደበውን እንጀራ ከአፋቸው መንጠቅ ይሆናል። ማንነትንም የሚናገረው ባለቤቱ እንጂ ማመልከቻ ጸሐፊው ተማሪ አይደለም።

የተሰጠ ቃልና የጠፋ እምነት

ለጋሾቹስ ነጻ ናቸው ወይ? በግንቦት 2008 ዓ.ም. በኢስታንቡል በተደረገው የሰብአዊ ርዳታ ጉባኤ ታላላቆቹ ለጋሾችና ድርጅቶች እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ድረስ ከርዳታው ገንዘብ ከመቶ 25 ያህሉ በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገር በቀል ሠራተኞች እንዲደርስ ቃል ገብተው ነበር። ጊዜው ሲደርስ በቀጥታ የደረሰው ከመቶ 5 እንኳ አልሞላም። የአሜሪካ የልማት ድርጅትም በ2014 ዓ.ም. ተመሳሳይ የከመቶ 25 ዒላማ አስታውቆ ግማሹን ያህል እንኳ ሳይደርስበት፣ ድርጅቱ ራሱ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ተዘግቷል። እንግዲህ አገር በቀል ማኅበራት ብቁ አልሆኑም ሲባል፣ ብቁነትን የሚለካው ሰው ራሱ ቃሉን አለመጠበቁን አብሮ ማስታወስ ተገቢ ነው።

ነገር ግን የሌላው ጥፋት የራሳችንን አይሸፍንም። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የምግብ ርዳታ ላልተገባው ሰው መተላለፉ ስለታወቀ የዓለም የምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካው ድርጅት በትግራይ የእህል ዕደላውን አቆሙ፤ ጥቂት ቆይቶም እገዳው ወደ መላው አገር ተዛመተ። ለብዙ ወራት የተራበው የሰረቀው ሰው አልነበረም፤ ከሰረቀው ጋር በአንድ መዝገብ የተጻፈው ችግረኛ ነው። ደረሰኝና ቃለ ጉባኤ የቢሮክራሲ ጨዋታ ነው የሚል ጓደኛ ካለ ይህን ያስብ። ንጹሕ መዝገብ የደሀው ጋሻ ነው።

ከሥራ የሚገኝ ምስክር

ተስፋ ቢስ ላለመሆን አንድ የቅርብ ምሳሌ እንጥቀስ። በክልተ አውላዕሎ ወረዳ ከውቅሮ በስተ ምዕራብ የሚገኘው የአብርሃ ወአጽብሃ ሕዝብ መሬቱ ከመራቆቱ የተነሣ ወደ ሌላ ስፍራ ይስፈር እስከመባል ደርሶ ነበር። ሕዝቡ ግን እርከን ሠራ፣ ክትር ገነባ፣ ተራራውን ከከብት ከለለ፤ የከርሰ ምድሩ ውሃም ወደ ላይ ቀርቦ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ፍሬ ተተከለ። በ2004 ዓ.ም. የማኅበረሰቡ ሥራ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚያስተባብረውን የኢኳቶር ሽልማት አገኘ። ሽልማቱ ከየአገሩ የመጡ ማኅበረሰቦች የሚወዳደሩበት ነው። እዚያ ያበቃው የተዋበ ማመልከቻ አይደለም፤ በዓይን የሚታይ ሥራ ነው። ወረቀቱ ሥራውን ተከተለ እንጂ ሥራው ወረቀቱን አልተከተለም።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ?

የተማሪው ድርሻ ትልቅ ገንዘብ ማምጣት አይደለም፤ ማኅበሩን ለአደራ ማብቃት ነው። ይህም ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። አንድ ደብተር ገዝቶ በአንደኛው ገጽ ገቢ፣ በሁለተኛው ወጪ መጻፍን ለገንዘብ ያዡ ማሳየት። የእያንዳንዱን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በቀኑ መጻፍና ማስፈረም። በወፈራው የወጣውን ሰውና የሠራውን ቀን መቁጠር። በጦርነቱ የጠፋው መዝገብ ካለ፣ የጠፋውን ሳይፈጥሩ፣ ያለውን ብቻ በምስክር አስደግፎ መጥፋቱን በቃለ ጉባኤ ማስመዝገብ። መተዳደሪያ ደንቡን ሽማግሌዎቹ በሚሰሙት ቋንቋ ማንበብ፤ ያልሰሙትን ደንብ አያከብሩትምና። ከዚያ በኋላ ማስታወቂያ ሲመጣ ሰባቱን በሮች አንድ በአንድ ማንኳኳት። አንዱ ከተዘጋ «ይህ አይሆንም፤ ለሚቀጥለው ይህን እናሟላ» ብሎ በግልጽ መንገር።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ፈተና አለብን። ተመርቆ ሥራ ያጣ ወጣት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ማኅተም አስቀርጾ፣ ድርጅቱን በቦርሳው ይዞ፣ በመንደሩ ችግር ስም ገንዘብ መፈለግ ይቀለው ይሆናል። ችግሩን የማይከስ ሰው የለም፤ ሥራ ፈላጊነትም ወንጀል አይደለም። ነገር ግን የመንደሩን ችግር የጻፈ ሰው የመንደሩን ሰዎች በጠቅላላ ጉባኤው ካላስቀመጠ፣ የሰዎቹን ስም ሸጦ መብላቱ ነው። ደመወዝ የሚያስፈልገው ከሆነ በግልጽ ማኅበሩ ይቅጠረው፤ በፕሮጀክቱ ላይ ደመወዙን ይጻፍ፤ ጉባኤውም ያጽድቅለት። ይህ ነውር የለበትም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ድጎማም እንደዚሁ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲሸከመው ያጎብጠዋል፤ አንዳንዴም ወደ ኪሱ ያዘነብለዋል። ሃምሳ ሰው በደንብ፣ በመዝገብና በጉባኤ ሲካፈለው ጉድጓድ ይሆናል፣ መማሪያ ክፍል ይሆናል፣ የተፈናቀለችው እናት ወደ ቤቷ የምትመለስበት ጣሪያ ይሆናል። በሚመጣው ዕረፍት የዕድሩ ዳኛ ወረቀት ይዘው ሲመጡ፣ ቢያንስ «ደብተራችን የት አለ?» ብለን ለመጠየቅ እንድንችል እንዘጋጅ።